ምዕራፍ 6፦ ፊደል የመሰለ ሥዕል

ፍኖተ ሰላም ላይ ጠበቃ የሚፈልግ ሰው ወደ ምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቅጣጫውን ከያዘ አይጠፋውም። እንደ ማንኛውም የዞን ከተማ ሁሉ «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚሉ ሰሌዳዎች ወደ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ይበዛሉ፤ ማመልከቻ ጸሐፊዎችም ከዚያው አይርቁም። ከሰከላ፣ ከቋሪት ወይም ከቡሬ ገጠር ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ባለጉዳይ ግን ሰሌዳ ከማንበቡ በፊት ሰው ይጠይቃል። «የመሬት ጉዳይ የሚችለው የቱ ነው?» ይላል። መልሱ ስም ነው። ሰሌዳው የሚፈለገው ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው።

ማየት የተሳነው ባለጉዳይ በዚሁ መንገድ ሲመጣ ከጎኑ አንድ ሰው አለ። መሪው ሰሌዳውን ያነብለታል፣ ጠበቃው የጻፈውን ያነብለታል፣ መጥሪያ ሲደርሰውም ያነብለታል። ከሩቅ ሲታይ ደግነት ነው፤ ብዙ ጊዜም ደግነት ነው። የገጠር ሙግት የሚያውቅ ሰው ግን ትንሽ ይጠረጥራል። በዚህ አገር ፍርድ ቤት ከሚያመላልሱት ጉዳዮች ዋነኛው መሬት ነው፤ የመሬት ተከራካሪ ደግሞ ባዕድ አይደለም። ወንድም ነው፣ የወንድም ልጅ ነው፣ መሬቱን በእኩል ይዞ የሚያርስ አማች ነው። ዓይነ ስውሩን እጁን ይዞ ጠበቃ ቤት የሚያደርሰው ሰውና መከሰስ ያለበት ሰው አንድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ።

የጠበቃ ድረ ገጽ ከሆቴል ወይም ከልብስ መደብር ድረ ገጽ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የአልጋ ዋጋ ሌላ ሰው ቢያነብለት እንግዳው የሚጎዳበት ነገር የለም። የኪራይ ውል፣ የኑዛዜ፣ የፍቺ ጉዳይ ግን ሰው ብቻውን ሊያነበው የሚገባ ነገር ነው። በዚህ ምዕራፍ ስለ ተደራሽነት የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሣል፦ ባለጉዳዩ ያለ መሪ ሊያነበው የማይችል የጠበቃ ገጽ፣ ጉዳዩን ለማይታወቅ ሦስተኛ ሰው አሳልፎ ይሰጣል።

«ገጠር ላለ ሰው ድረ ገጽ ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ባለቁልፍ ስልክ የያዘ ሽማግሌ ድረ ገጽ አይከፍትም። የሚከፍተው ባሕር ዳር የምትማር ልጁ ናት፣ አዲስ አበባ ታክሲ የሚያሽከረክር ወንድሙ ነው፣ ቡሬ ላይ የአባቱ ርስት የተነካበት፣ ራሱ ግን ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 በፌዴራል ደረጃ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ ቢሮዎች ስማቸውን ከአንድ ሰው ስም ነጥለው ማስተዋወቅ ይፈልጋሉ። ሁለትና ሦስት ጠበቆች ያሉበት ቢሮ የመጀመሪያ ገጹን የሚያሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ለዓመታትም አይነካውም። ስለዚህ ያ አንድ ጊዜ በደንብ ቢሠራ ይሻላል።

እዚህ አካባቢ የማየት ችግር ከሌላው ቦታ የሚለይበት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በመላ ኢትዮጵያ ከዚህ የባሰ ክልል አልነበረም። ትራኮማ ቶሎ አያሳውርም። በልጅነት ደጋግሞ ይይዝና የዓይን ቆብን ውስጡን ያጠባብሳል፤ ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። ሴቶች ልጅ ሲያሳድጉ ስለሚጋቡት የበለጠ ይጎዳሉ። ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ ዕድሜያቸውን የገፉ እናቶች በየቀበሌው አሉ። የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ሴንተር ጋር ሆኖ በቀዶ ሕክምናና በመድኃኒት እደላ ብዙ ሠርቷል፤ ያኔ የተጎዳው ትውልድ ግን ዛሬ የይዞታ ደብተር ባለቤት የሆነው ትውልድ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ለድረ ገጽ ሠሪው ቀጥተኛ ነው። ብርሃኑን በአርባና በሃምሳ ዓመቱ ያጣ ሰው ብሬል አልተማረም። ብዙው ደግሞ ጨርሶ አልጠፋበትም፤ ትልቅ ፊደልና ደማቅ ቀለም ካገኘ ያነባል። የሚጠቅመው ወይ የሚሰፋ ጽሑፍ ነው ወይ የሚናገር ስልክ።

የሚናገር ስልክ ዛሬ ብርቅ አይደለም። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ የተባለው ማንበቢያ ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል። ለኮምፒውተር ደግሞ ራሱ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን እ.ኤ.አ. በ2006 መሥራት የጀመረው ኤንቪዲኤ አለ፤ በነፃ ይሰጣል። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነፃ የድምፅ ሞተር ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ድምፁ ብረት ብረት ይላል፣ ግን ይሰማል። ማይክሮሶፍት ለአማርኛ ያዘጋጃቸው መቅደስና አምሃ የተባሉት ሁለት ድምፆች ከሱ ይልቅ ለጆሮ ይለሰልሳሉ። እንግዲህ መሣሪያው አለ። የቀረው ማሽኑ የሚያነበው አማርኛ መኖሩ ነው፤ ችግሩም እሱ ላይ ነው።

ብዙ ቢሮዎች አገልግሎታቸውን የሚዘረዝሩት በፖስተር ነው። የወርቅ ሚዛን፣ የመጽሐፍ ቁልል፣ በላዩ ላይ «የውርስ፣ የውል፣ የወንጀል ጉዳዮች» የሚል ያማረ ጽሕፈት፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ያው ፖስተር በቴሌግራም ይላካል፣ ድረ ገጹም ላይ ይለጠፋል። ለዓይን ፊደል ነው፤ ለማሽኑ ግን ከሚዛኑ ሥዕል የማይለይ የቀለም ነጠብጣብ ነው። ማንበቢያው እዚያ ሲደርስ «ምስል» ብሎ ያልፋል። ስልክ ቁጥሩም አብሮ ያልፋል። መድኃኒቱ ፖስተሩን መተው አይደለም፤ ያንኑ ቃል ከሥሩ በጽሑፍ መድገምና ለምስሉ የተሰወረ መግለጫ መስጠት ነው። መግለጫው ደግሞ «ፎቶ 1» ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

ከፖስተሩ የሚብሰው ጽሑፍ የሚመስለው ጽሑፍ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ጠበቆች የሚጽፉት በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሰሎቻቸው ነበር። የቀድሞዎቹ ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፣ ፎንቱ ብቻ አማርኛ አልብሶ ያሳየዋል። ዓይን «ከሳሽ» ሲያነብ የኮምፒውተሩ ማኅደር ውስጥ ያለው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ድርድር ነው። ማየት የሚችል ሰው ይህን የሚደርስበት ጽሑፉን ገልብጦ ሌላ ቦታ ሲለጥፈውና ሲበጣጠስበት ነው። ማየት የተሳነው ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የሚሰማው ያንን ብጥስጣሽ ነው። የድሮ የውል ናሙናዎቻቸውን ወደ ፒዲኤፍ እየለወጡ ገጻቸው ላይ የሚሰቅሉ ቢሮዎች መጀመሪያ ሊፈትሹት የሚገባው ይህን ነው፦ አንድ መስመር ገልብጦ በስልክ መልእክት ውስጥ መለጠፍ። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደኅና፤ ካልወጣ እንደገና መጻፍ አለበት።

ስካን የተደረገ ወረቀትም ያው ነው። የነጋሪት ጋዜጣ አዋጆች በብዛት በእጅ የሚገኙት በስካን ምስል ነው። አዋጁን ሙሉውን መተየብ የትንሽ ቢሮ አቅም አይደለም፤ ሆኖም ባለጉዳዩን የሚመለከቱትን ሁለትና ሦስት አንቀጾች በራሱ ቃል፣ በቀላል አማርኛ መጻፍ ይችላል። እንዲያውም ከአዋጁ ይልቅ የሚነበበው እሱ ነው።

ዩኒኮድ ከሆነ በኋላም ሥራው አላለቀም። በገጹ ኮድ መግቢያ ላይ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን የሚገልጽ አንዲት ቃል መኖር አለባት። እሷ ከሌለች ማንበቢያው ገጹን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊጀምረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ወይ ዝም ይላል ወይ የማይገባ ነገር ያነበንባል። ባለሙያው የሚጨምራት በደቂቃ ውስጥ ነው። አብዛኛው የሚረሳውም ስለማትታይ ነው።

የሚታየውንም ቢሆን አንጠነቀቅለትም። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቻችን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እንመታና እንተወዋለን፤ ለዓይን ልዩነት የለውም። የድምፅ ሞተሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን አያውቅም። አሥር መስመር የውል ቃል ያለ ትንፋሽ ይዘልቃል። ግዴታው የአከራዩ ይሁን የተከራዩ መለየት የሚቸግረው ያኔ ነው።

ከሁሉ የከፋው የሕግ ሰዎች ልማድ ግን ስላሿ ናት። ጠ/ፍ/ቤት፣ ከ/ፍ/ቤት፣ የፍ/ብ/ሕ/ቁ፣ የፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ። ወረቀት ውድ በነበረበት፣ ቀለም በሚቆጠብበት ዘመን የተወለደ አጻጻፍ ነው፤ ባለሙያው ለባለሙያ ሲጽፍም ይግባባበታል። ማንበቢያው ላይ ሲጫን ግን «ፍ ስላሽ ብ ስላሽ ሥ ስላሽ ሥ ስላሽ ሕ» ይሆናል። ስለ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እየተወራ መሆኑን ከዚህ የሚረዳ ባለጉዳይ የለም፤ የሚያይ ቢሆንም እንኳ ላይረዳ ይችላል። ድረ ገጽ ላይ ቦታ አያስከፍልም። «የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728» ብሎ መጻፍ ምን ይጎዳል? በእኔ እምነት አንድ የጥብቅና ቢሮ ገንዘብ ሳያወጣ ገጹን ከግማሽ በላይ የሚያሻሽለው ስላሹን በማጥፋት ብቻ ነው።

ሞክሼ ፊደላትም ጣጣ አላቸው። ጠበቃው «ሕግ» እና «ፍትሕ» ብሎ በጥንቃቄ ይጽፋል፤ ፈላጊው «ህግ» እና «ፍትህ» ብሎ ይጠይቃል። ለዓይን አንድ ነው፤ ለመፈለጊያው ሌላ ቃል ነው። ማየት የሚችል ሰው መፈለጊያው ባዶ ቢመልስለት ገጹን ወደ ታች ስቦ በዓይኑ ይለቅመዋል። በጆሮ የሚሄደው ግን «አልተገኘም» ከተባለ የለም ማለት ነው፤ ይወጣል። ሠሪው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ የሚቆጥር መፈለጊያ እንዲያስገባ ከመጀመሪያው መንገር ያስፈልጋል።

የቀረው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የድር ጥምረት የመጀመሪያውን የይዘት ተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 አወጣ፤ 2.2 የተባለው ደግሞ በ2023 ወጥቷል። ርእሶች በፊደል መጠን ብቻ ሳይሆን በኮዱም ርእስ ተብለው መታወቅ አለባቸው፤ በማንበቢያ የሚሄድ ሰው ከርእስ ወደ ርእስ እየዘለለ ነው የሚፈልገውን የሚያገኘው። ቅጽ ካለ እያንዳንዱ ሣጥን ምን እንደሚጠይቅ በስሙ መለየት አለበት። ሁሉም ነገር ያለ ማውስ፣ በቁልፍ ብቻ መሠራት አለበት፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውም ይጠቀምበታል። የጽሑፉና የመደቡ የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል መመሪያው፤ ቢሮዎች የሚወዱት ወርቃማ ጽሑፍ በነጭ ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ይወርዳል። ያማረ ነው፤ አይነበብም።

ካርታ ብቻ ለጥፎ መተውም ለሚመጣው ሰው አይበቃም። ከመናኸሪያው ወርዶ በየት በኩል እንደሚኬድ፣ ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ በቃል ይጻፍ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ካዘዘ ቆይቷል፤ የተከራዩት ቤት ግን አሁንም በደረጃ የሚወጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ «ደረጃ መውጣት ለሚከብድዎ ደንበኛችን ምድር ቤት ወርደን እናነጋግርዎታለን፤ ሲመጡ ይደውሉልን» የምትል አንዲት መስመር በዊልቸር የሚሄደውን ሰው ከከንቱ ጉዞ ታድነዋለች።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ጉዳይ በአብዛኛው ይዘነጋል፤ «ማንበብ ይችላሉ» ይባላል። በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው የጽሑፍ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ የሕግ አማርኛ ደግሞ ሦስተኛ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ስለሚያስተምር የሠለጠነ አስተርጓሚ ማግኘት እንደ ድሮው አይደለም። ለትንሽ ቢሮ የሚቀለው ግን ከስልክ ቁጥሩ ጎን «በጽሑፍ መልእክት ያግኙን» ማለትና መልሱን በእርግጥ መስጠት ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ መስመር ኮድ እፈታለሁ የሚል ሻጭ መምጣቱ አይቀርም። አክሰሲቢ የተባለው ኩባንያ ገጽ ላይ የሚጫን መሣሪያ እየሸጠ ማንኛውንም ድረ ገጽ ከመመሪያው ጋር አስማማለሁ ሲል ቆይቶ፣ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 በአሳሳች ማስታወቂያ 1 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ፖስተር ውስጥ የታሰረን ስልክ ቁጥር አያወጣም፤ ፓወር ግዕዝንም አማርኛ አያደርግም።

ክስስ? እ.ኤ.አ. በ2000 ብሩስ ማጓየር የተባለ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ የሲድኒ ኦሎምፒክ አዘጋጅ ኮሚቴን በድረ ገጹ ምክንያት ከስሶ ረታ። ኮሚቴው ማስተካከሉ ከአቅም በላይ ነው ብሎ ተከራከረ፤ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ አልተቀበለውም፤ ሳይፈጸም ሲቀርም 20 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ እንዲከፈለው ወሰነ። አሜሪካ ውስጥ ማየት የተሳነው ጊዬርሞ ሮብልስ በድረ ገጹ ፒዛ ማዘዝ ስላልቻለ የፒዛ ኩባንያውን ዶሚኖስን ከስሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የኩባንያውን አቤቱታ ሳያይ ተወው።

የእኛ አገር ጠበቃ ገጹን የሚያስተካክለው በእንዲህ ያለ ክስ ፍርሃት አይደለም። ሕጉን ግን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ጠቅሶ ስለ ተደራሽነት ይናገራል፤ አንቀጽ 13 ስለ ፍትሕ ይናገራል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ደግሞ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይጠይቅ ነበር። ገጽ ማስተካከል እዚያ ውስጥ ይቆጠራል አልልም፤ ለንጽጽር ያህል ግን ስላሹን ለማጥፋት 50 ሰዓት አይፈጅም።

ደግሞም ገጹን በጆሮው የሚያነበው ባለጉዳይ ብቻ አይደለም። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎቻችን በብዛት ከሚመርጧቸው ትምህርቶች አንዱ ሕግ ነው። በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ብርሃኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብላለች። በሌላኛው ወገን ተከራካሪ ሆኖ የሚቀርበው ጠበቃ ሰነድ በማንበቢያ የሚያነብ ሊሆን ይችላል። ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስል፦ የጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች፣ ዋሸራም ጎንጅም፣ ትምህርቱን በጆሮና በቃል ስለሚያስኬዱት ለዓይነ ስውር ተማሪ በራቸው ዝግ አልነበረም። ዕውቀቱን ወደ ወረቀት ያሻገረው ዘመናዊው ቢሮ ነው በሩን ያጠበበው።

ኔትወርኩንም መርሳት አይገባም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም ነበር። ከተመለሰ በኋላም ከባድ ገጽ በደካማ ኔትወርክ አይከፈትም፤ ዳታውም ብር ነው። ጽሑፍ ብቻ ያለው ገጽ ቶሎ ይከፈታል፣ ስልኩ ላይ ይቀመጣል፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ይነበባል። ለማንበቢያ የሚመቸውና ለደካማ ኔትወርክ የሚመቸው ገጽ በአብዛኛው አንድ ነው። ስልክ ቁጥሩ ደግሞ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን፤ ነክተውት የሚደውል ይሁን።

አሁን ወደ ውሉ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ዓይነ ስውር ወይም መጻፍ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው የጣት አሻራ፣ በውል አዋዋይ ወይም በመዝጋቢ ወይም በሥራ ላይ ባለ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። በቁጥር 340 ደግሞ ዓይነ ስውራንና መስማትና መናገር የተሳናቸው ሰዎች፣ ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ፣ ለአእምሮ ሕሙማን የተደረገውን ጥበቃ መጠየቅ እንዲችሉ ያደርጋል። ለሕግ አውጪው የታየው መታለል ነው፤ ስለዚህ ከጎን ሰው አቆመ። ስምምነቱ በአንቀጽ 12 የሚለው ሌላ ነው፦ አካል ጉዳተኛው በሕግ ፊት ከሌላው እኩል ችሎታ አለው፤ ችሎታውን የሚሠራበት ድጋፍ ይሰጠው። ሁለቱ ዛሬም ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ጠበቃው ሕጉን አይለውጥም፤ ረቂቁን የሚልክበትን መንገድ ግን ይለውጣል። የተለመደው ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ ነው። ያ ፎቶ ደንበኛውን እንደገና ወደ መሪው ይመልሰዋል። ይልቅ በዩኒኮድ የተጻፈ፣ ስላሽ የሌለበት፣ አንቀጾቹ የተቆጠሩ ጽሑፍ ይላክለት፤ ወይም በምስጢር ቁልፍ በሚከፈት የገጹ ክፍል ይቀመጥለት። ደንበኛው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አንቀጽ በአንቀጽ ያዳምጠዋል፤ ያልገባውን ይመልሰዋል። መዝጋቢው ፊት ሲቀርብ የጣቱ አሻራ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ «አንቀጽ 4 ላይ የተጻፈው የኪራይ ዘመን ከተነጋገርነው በሁለት ዓመት ይበልጣል» ለማለት ግን ማንም አያስፈልገውም።